ቦርጭና የማስታወስ አቅም

በአገራችን ሰው ወፈር ሲል «ተመችቶሃል» ይባላል፤ ቦርጭም የድሎት ምልክት ሆኖ ይታያል። በጉልምስና የሚከማች ውፍረት ግን የሚጎዳው ልብንና ጉልበትን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ 14 ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል።

እንዴት? ውፍረት ደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያስከትላል፤ ሁለቱም አእምሮን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። በውፍረት የሚመጣ ከባድ ማንኮራፋትም እንቅልፍን እየቆራረጠ በማግስቱ ትኩረት ይነሳል።

እንደ ቦርደዴ ባሉ የአውራ መንገድ ከተሞች መሪ ጨብጦ ወይም ሱቅ ተቀምጦ የሚውለው ብዙ ነው። በጫት ሰዓትም ለስላሳውና ስኳር የበዛበት ሻይ ይደጋገማል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 87 ኪሎ ከደረሰ ከልክ በላይ ወፍሯል።

አገሩ ቆላ ነውና ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ስኳር ቀንሱ። ግፊታችሁንና የደም ስኳራችሁን በጤና ጣቢያ ተለኩ።

አያቶች ግን ያለ ምክንያት ከከሱ እንደ በጎ ነገር አይታይ፤ የመርሳት በሽታ ጅማሬም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያቸው።