በኪስ የተያዘ ትንቢት

ሽሮ ሜዳ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ከስኳር ዕቃው ሥር አስቀመጠ እንበል። «የምታገኙትን ቁጥር ቀድሜ ጽፌዋለሁ» ይላል። ከዚያ ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር አስቡ ይላችኋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አኃዝ ቢያንስ በ2 ይበላለጡ።

742 አሰባችሁ። ሲገለበጥ 247 ነው። ከ742 ላይ 247 ሲቀነስ 495 ይቀራል። እሱን ገልብጣችሁ 594 ስትደምሩበት 1089 ይሆናል። ወረቀቷም 1089 ትላለች።

ሌላ ቁጥር ብታስቡም ያው ነው። ቁጥር ሲገለበጥ መካከለኛው አኃዝ ቦታውን ስለማይለቅ፣ ልዩነቱ ምንጊዜም የ99 ብዜት ነው፦ 198፣ 297፣ 396 እያለ እስከ 891። የሁሉም መካከለኛ አኃዝ 9 ነው፤ የዳርና ዳሩ ድምርም 9። ስለዚህ ተገልብጠው ሲደመሩ ከመቶ ቤት 900፣ ከአሥር ቤት 180፣ ከአንድ ቤት 9 ይመጣል። ምርጫው የእናንተ ይመስላል እንጂ መድረሻው ቀድሞ ተወስኗል።

ሁለተኛው ዘዴ ስሌት አይፈልግም፤ ለእኔ የበለጠ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ አንዱን ትመርጣላችሁ። 50 ካላችሁ «50» የምትል ወረቀት ከስኳር ዕቃው ሥር ትገለጣለች። 10 ካላችሁ የኪስ ቦርሳው ይከፈታል፤ 100 ካላችሁ የስልኩ ሽፋን ይነሣል። ሦስት መልስ ተዘጋጅቶ አንዱ ብቻ ይታያል። ለዚህ ነው ባለሙያው ትንቢቱ የት እንዳለ ቀድሞ የማይናገረው፣ ለዚያው ሰው ደግሞ የማያሳየውም።

ጥፍር ላይ የምትለጠፍ ትንሽ የእርሳስ ጫፍም አለች፤ መልሱ ከተሰማ በኋላ በአውራ ጣት ይጻፍባታል። እንግሊዛዊው ሐሳብ የማንበብ ትርኢት ባለሙያ ቶኒ ኮሪንዳ በ13 ደረጃ ከፍሎ ባዘጋጀው የሙያው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ደረጃ የሰጠው ለእሷ ነው።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ሲሆን ደስ ይላል። ነገር ግን ስሌትና ትንቢት በእኛም ዘንድ የቆየ ዝምድና አላቸው። አውደ ነገሥት በሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተለውጠው ይደመራሉ፤ በ12 ሲገደፍ የቀረው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱን ይሰጣል። እዚህ ላይ ስሌቱ የሚያደርሰው ወደ አንድ ቁጥር ሳይሆን ለየኮከቡ ከተጻፉት 12 ጽሑፎች ወደ አንዱ ነው። ታዲያ ለምን «ልክ እኔን!» እንላለን? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር በ1948 እ.ኤ.አ. ለ39 ተማሪዎቹ «የየግላችሁ ባሕርይ ነው» ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው። ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውንም የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ሰው የሚገጥማችሁን ወይም ሐሳባችሁን አውቃለሁ ብሎ ገንዘብ ከጠየቃችሁ፣ መልሱን ከመናገራችሁ በፊት ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ እንዲያኖር፣ ሌላ የተጻፈ ነገር እንደሌለውም እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ገንዘባችሁን አትስጡ።