በለባሹ ልክ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅጽር ወጥቶ ወደ ፒያሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሶ የሰፈሩ መልክ ቢለወጥበትም፣ የዚህን ሥፍራ ስም ከአገር ጫፍ እስከ አገር ጫፍ ያስጠሩትን ሁለት ሙያዎች፣ ወርቅ ሠሪነትንና ሰዓት ሠሪነትን፣ ሳያስታውስ አያልፍም። ወርቅ ሠሪው ቀለበት ከመሥራቱ በፊት የጣትን ውፍረት ይለካል፤ ሰዓት ሠሪውም የቆዳ ማሠሪያውን ቀዳዳ የሚበሳው የደንበኛውን የእጅ አንጓ ዙሪያ አይቶ ነው። በሰው ገላ ላይ የሚያድር ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ለዚያ ገላ መለካት እንደሚገባው እነዚህ የእጅ ጥበብ ሰዎች ከማንም መጽሐፍ ሳይማሩት ያውቁታል።

በዚሁ ሰፈር ሰባ ደረጃን የሚወጡ አንድ አረጋዊ፣ ከመካከሉ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች በግራ አንጓቸው ላይ አሳርፈው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የደም ሥራቸውን ትርታ ሲቈጥሩ አይቻለሁ። ሰው የገዛ ልቡን ሲያዳምጥ ማየት እንደ ጸሎት ያለ ነገር ነውና ሰላምታዬን አዘግይቼ አለፍሁ። የእኒህ አረጋዊ ሁለት ጣቶች የሚሠሩትን ሥራ፣ መዓልትና ሌሊት ሳይታክት፣ ለባሹ ተኝቶም ሳለ እንኳ የሚሠራ፣ በገላ ላይ የሚታሠር ትንሽ ኮምፒዩተር የተፈለሰፈበትን ታሪክና የዚህ ፈጠራ ምሥጢር እኛን የሚነካበትን ነገር በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በገላ ላይ ታሥሮ ጤናን የሚጠብቅ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በአንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ፣ ጸሎትና ጠልሰም የተጻፈበት የብራና ጥቅልል፣ በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ ስንት ትውልድ አብሮን ኖሯል። ቤተ ክርስቲያን ጠልሰሙን ስትከለክል መኖሯ የታወቀ ነው፤ እኔም ይህን የማነሣው ስለ ፈውሱ ለመመስከር አይደለም። በአሠራሩ ውስጥ ግን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በልማዱ መሠረት ብራናው የሚቈረጠው በሕመምተኛው ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ተብሎ ነውና። በጸሎቱም መካከል የሕመምተኛው የክርስትና ስም ይገባበታል። ስለዚህ የአንዱ ክታብ ለሌላው አይሆንም። ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ ስለ ደም ዝውውር ባያውቅም፣ በገላ ላይ የሚውል ነገር በለባሹ ልክ ካልተሠራ ለለባሹ ባዕድ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር።

በሌላው ዓለም ደግሞ ጥበቡ በትርታ ቈጠራ ጀመረ። ጆን ፍሎየር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1707 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘመኑ የነበሩት ሰዓቶች ለዚህ ሥራ እንደማይበቁ አይቶ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ሮጦ የሚቆም ሰዓት ማሠራቱን ገልጿል፤ በዚህም ሐኪም የሕመምተኛውን ትርታ በግምት ከመናገር ይልቅ በቍጥር መጻፍ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። ከዚያም ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ይኖር የነበረው ኖርማን ሆልተር፣ ሰው በአልጋ ላይ ተጋድሞ ሳይሆን ሲሠራና ሲሄድ ልቡ ምን እንደምትመስል ለማወቅ ፈለገ፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በራዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያም ሠራ። መሣሪያው 38 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ይኸውም ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በሩብ ያህል የሚያንስ ሸክም ነው። ከዚህ ሸክም በታች ያለች ልብ የዕረፍቷን ምት ልትናገር አትችልም፤ ሆኖም ሆልተር ሸክሙን ከዓመት ዓመት እያቃለለ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1961 ውጤቱን ለሳይንስ ዓለም አቀረበ፤ ዛሬም በደረት ላይ ተለጥፎ ቀንና ሌሊቱን ሙሉ የልብን ምት የሚመዘግበውን መሣሪያ የእኛም አገር ሐኪሞች በስሙ «ሆልተር» ይሉታል። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ቶርፕና ክሎድ ሻነን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በልብስ ሥር የሚደበቅ፣ የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ኮምፒዩተር ሠርተው በላስ ቬጋስ የቁማር ቤት ፈተሹት። ኋላ ለሕሙማን የሚሆን ጥበብ ለቁማር ተብሎ መወለዱ ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም የተወለደው ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንምጣ። የዘመኑን የእጅ ሰዓት ገልብጦ ጀርባውን ያየ ሰው አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ያገኛል። ደም ለዓይናችን ቀይ የሚሆነው አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ ልብ በመታች ቍጥር ከቆዳው ሥር ያለው ደም ጥቂት ይበዛል፣ ብዙ ደም ብዙ ብርሃን ይውጣል፣ ተመልሶ ወደ ሰዓቱ የሚደርሰው ብርሃን በዚያው መጠን ያንሳል። ሴንሰር የምንለው ዳሳሽ ይህን መብዛትና ማነስ ይቈጥራል፤ አረጋዊው በጣታቸው የሚሰሙትን እርሱ በብርሃን ያየዋል ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የተዋወቀው፣ ጣትን ቆንጥጦ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚናገረው ፐልስ ኦክሲሜትር ግን ከዚህ የረቀቀ ታሪክ አለው። ታኩዎ አዎያጊ የተባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይደክም የነበረው ልብ በደቂቃ ምን ያህል ደም እንደምትረጭ በቀለምና በብርሃን ለመለካት ሲሆን፣ የደም ሥሩ ትርታ ሥዕሉን እያናወጠ ሥራውን ያበላሽበት ነበር። ይህን ሁከት ለማጥፋት ሁለት ዓይነት ብርሃን፣ ቀዩንና ለዓይን የማይታየውን ታሕተ ቀይ፣ እያመዛዘነ ሲሞክር፣ ኦክስጅን ያዘለው ደምና ያላዘለው ደም ሁለቱን ብርሃናት እኩል እንደማይውጧቸው፣ ስለዚህም ሊያጠፋው የሚታገለው ትርታ ራሱ ከፈለገው የሚበልጠውን ነገር፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን፣ እንደሚነግረው ተገለጠለት። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1974 ለአገሩ ሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። እንቅፋት የመሰለውን ነገር ዐሥር ጊዜ አገላብጦ የሚያይ ሰው ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ እኔ አላውቅም።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው የሁለቱን ብርሃናት ንጽጽር ብቻ ነው፤ «95» ወይም «88» የሚል ቍጥር በብርሃን ውስጥ ተጽፎ የለም። ቍጥሩ የሚመጣው ፋብሪካው በመሣሪያው ሆድ ካስቀመጠው ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡም የሚዘጋጀው ጤነኞች ፈቃደኞች ኦክስጅኑ እየቀነሰ የሚሄድ አየር እንዲተነፍሱ ተደርጎ፣ ከደም ቧንቧቸው ደም እየተቀዳ፣ የብርሃኑ ንባብና የደሙ እውነተኛ የኦክስጅን መጠን ጎን ለጎን እየተጻፉ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሕመምተኛውን በለካ ቍጥር ከእነዚያ ፈቃደኞች ጋር እያነጻጸረው ነው፤ የፈቃደኞቹ ቆዳ ነጣ ያለ እንደ ሆነም ጥቁሩ ሰው በሌላ ሰው ልብስ ልክ ይለካል። ይህ የእኔ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የሚሺጋን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበ፣ ተቀድቶ የተመረመረው ደም ግን ከ88 በመቶ በታች የተገኘው በነጮቹ ሕሙማን ላይ ከተደረጉት ልኬቶች በ3.6 በመቶው ሲሆን፣ በጥቁሮቹ ላይ ከተደረጉት ግን በ11.7 በመቶው ነበር። እስትንፋስ ያጠረውን ሰው «ደህና ነህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» የሚል መሣሪያ፣ ዝም ከሚለው መሣሪያ የከፋ ነው።

ለእኛ ደግሞ ከቆዳው ቀለም ሌላ የከፍታው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተወሰነውን የጤነኛ ልክ በአራዳ ደገኛ ላይ እንዳለ መጫን አይገባም። የዚህ ጉዳይ ዝነኛ ጥናት የተደረገው በአማራ ክልል ነው፤ ሲንቲያ ቤል የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ሊቅ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ከዶክተር አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን በዚሁ መሣሪያና በደም ምርመራ አጥንተው፣ የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን፣ ደማቸውም እንደ ደቡብ አሜሪካ ደገኞች አለመወፈሩን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ፤ ይህም ሊቃውንቱን አስደነቀ። ኋላ በባሌ ተራሮች የሚኖሩት የኦሮሞ ደገኞች ሲመረመሩ ደግሞ የተገኘው መልክ ሌላ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ከተራራ ተራራ ልኩ የሚለያይ ከሆነ፣ በሩቅ አገር ላቦራቶሪ የተቈረጠ አንድ ልክ ለሁላችን እንዴት ይበቃል?

በአገራችን ከተሞከሩት የገላ ዳሳሾች አንዱ ደግሞ ሰዓትም ቀለበትም ሳይሆን የሕፃናት መቀነት ነው፤ በእኔ ዘንድ ከሁሉ የከበረ ይህ ነው። የሳንባ ምች ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት ደዌያት አንዱ ሲሆን፣ ራጅ በሌለበት ገጠር ዋነኛው ምልክቱ የትንፋሽ መፍጠን ነው። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ትንፋሹ ፈጥኗል ይባላል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን የሚቈጥሩት የሕፃኑን ልብስ ገልጠው፣ የሆዱን ከፍ ዝቅ ማለት በዓይናቸው እየተከተሉ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። እናት ታለቅሳለች፣ ሕፃኑ ይንፈራገጣል፣ ከደጅ ሌሎች ይጣራሉ፤ 47 ላይ የተምታታበት ቈጣሪ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ይህን የሞከረ ሰው ሥራው ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ ያውቃል።

ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ «ቻርም» ብሎ የሰየመው መሣሪያ በቀበቶ ከሕፃኑ ሆድ ላይ ይታሠራል። በውስጡ እንቅስቃሴን የሚሰማ ረቂቅ ዳሳሽ አለ፤ የሆዱን ከፍ ዝቅ ከሌላው መንፈራገጥ ለይቶ ይቈጥርና ቍጥሩን ጽፎ ያሳያል፣ ትንፋሹ ከዕድሜው ልክ ያለፈ እንደ ሆነም በቀይ ብርሃን ያስጠነቅቃል። ዩኒሴፍና ማላሪያ ኮንሶርቲየም ይህን መቀነት በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ አስፈተሹት፤ የጠየቁትም ሠራተኞቹ እንደ ሥርዓቱ ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደ ሆነና ወላጆቹ እንዴት እንደሚቀበሉት ነበር። በዚህ ጥያቄ ላይ መቆም እወዳለሁ። ፈልሳፊ መሣሪያውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ባለ ጉዳዩ ቤት ሄዶ፣ ልጇን ያቀፈችውን እናት ፊት ማየቱ ከሥራው ክፍል እንደ አንዱ ሊቈጠር ይገባል፤ ቀበቶው ሕፃኑን ካስለቀሰው፣ በልቅሶ የሚፈጥን ትንፋሽ ደግሞ የሕመም ትንፋሽ ስላልሆነ፣ ቍጥሩ ከንቱ ነውና።

የባለጸጎቹ አገር ሰዓቶች የሚሠሩትን ቸል ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ ከ419,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንጓቸው ሰዓት ልባቸው ሲመረመር ቈይቶ፣ ሥርዓት የጎደለው ምት ተገኘባቸው ተብለው የተጠሩት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም፣ 0.52 በመቶ ነበሩ፤ ከእነዚህም በደረት ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ እንደገና ከተመረመሩት መካከል በዚያን ጊዜ ሕመሙ የታየባቸው 34 በመቶው ናቸው። ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ ስለ ሆነ የቀሩት ሁሉ በከንቱ ደነገጡ አይባልም፤ ነገር ግን ሰዓቱ ማስጠንቀቅ እንጂ ፍርድ መስጠት እንደማይችል ያስረዳል።

ሌላው የሚያሳስበኝ የምሥጢር ነገር ነው። የአገሬ ሰው የውስጡን የሚናገረው ለነፍስ አባቱ ነበር፤ ነፍስ አባትም የሰማውን ይዞ ይቀበራል። በአንጓ ላይ ያለው ሰዓት ግን ባለቤቱ በስንት ሰዓት እንደ ተኛ፣ ልቡም መቼ እንደ ደነገጠች ባሕር ማዶ ላለ የኩባንያ ኮምፒዩተር ይነግራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ለዚህ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያ ገዢው ግን አዋጁን ከመጥቀሱ በፊት የሚፈርመውን ቃል ማንበብ አለበት።

ከአገራችን ልጆች በዚህ የጥበብ መስክ የሚደክሙ አሉ፤ በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሳሙኤል ክንዴ፣ ብርጭቆ መሰል ካርቦንን በመጠቀም የአንጎልና የነርቭን ምልክት የሚያነቡ ረቂቅ ዳሳሾች ይሠራሉ። በእኛም ዘንድ፣ ከፒያሳ በእግር በሚደረስበት በአምስት ኪሎ፣ የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና ተማሪዎች አሉ። ለእነርሱ አንድ ሥራ እመኝላቸዋለሁ፤ አዲስ ሰዓት ከመቅረጻቸው አስቀድሞ አዲስ ሰንጠረዥ እንዲከፍቱ። በአንዱ ገጽ ላይ በሰባ ደረጃ ላይ ቆመው ትርታቸውን የሚቈጥሩት አረጋዊ፣ በሁለተኛው በአምባራስ ገብስ የምታጭድ ሴት፣ በሦስተኛው የባሌ እረኛ፣ በአራተኛውም ከባሕር ጠለል በታች በዳሎል ሜዳ በዚያ ትኵሳት ጨው የሚቈርጠው የአፋር ሰው፣ ብርሃኑ የተናገረው ከደማቸው እውነተኛ ልክ ጋር ጎን ለጎን፣ ቀኑና የቦታው ከፍታ ሳይቀር ይጻፍበት።