ስለ ክትባትና ሰውነታችን ደዌን ስለሚያስታውስበት ኀይል

ባለፈው ጥቅምት ወር በአንድ የመሬት ክርክር መዝገብ ምክንያት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ተልከን ነበር። ደጀን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዐባይ በረሓ አፋፍ ላይ የተቀመጠ ደጋ ከተማ መሆኑን የጎጃምን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዐባይ ድልድይ ቍልቍል የወረደ መንገደኛ፥ እንደ ገና ሽቅብ ወጥቶ የደጋው ነፋስ ፊቱን ሲመታው ደጀን መድረሱን ይረዳል። ባለጉዳዮቹ ከገጠር እስኪገቡ ድረስ ጊዜው ረጅም ስለ ሆነብን፥ በአንድ ጤና ጣቢያ አጥር ጥግ ካለው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ዕለቱ ሕፃናት የሚከተቡበት ቀን ነበርና እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈው ነበር።

ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ወጣት እናት ቆብ ከደፉ አንዲት አሮጊት ጋራ ስትከራከር ሰማን። ወጣቲቱ፥ «እማሆይ፥ ባለፈው የተከተበ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ገላው እንደ እሳት ሲነድ አደረ። አሁን ዘጠኝ ወር ሞልቶት እየሣቀ የሚጫወተውን ልጅ በገዛ እጄ ላሳምመው ነውን? ወደ ቤት ብንመለስስ?» ትላለች። እማሆይም ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ፊታቸው በሙሉ በፈንጣጣ ጠባሳ የተበሳሳ ነበር። «አንቺ ልጅ፥ ይህን እያየሽ ነው ወይ የምትናገሪው? ከእናቴ ማሕፀን አራት ወጥተን ነበር። ፈንጣጣ ቤታችን ገብቶ ሁለቱን ወሰደ፤ እኔን ግን እንዲህ አድርጎ ጽፎ ለቀቀኝ» ብለው መለሱላት።

የወጣቲቱ ጥያቄ እንደ ቀላል የሚታለፍ አልመሰለንም። ለጤና ተብሎ የተሰጠ ነገር ስለ ምን ትኩሳት ያመጣል? እኛ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለንም፤ ነገር ግን ከመጻሕፍት ያነበብነውንና ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውን ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ ወደድን።

በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን በአፈሩም በውሃውም በገላችንም ላይ መልተዋል። ሁሉም ጠላቶች አይደሉም፤ ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት፥ የጤፉን ሊጥ የሚያቦኩት እነርሱ ናቸው፤ በአንጀታችንም ውስጥ ምግብ በማላም የሚረዱን እጅግ ብዙ ናቸው። ክፉዎቹን ግን አስቀድሞ የሚከለክላቸው ቅጥር ቈዳችን ነው። እንባ፥ ምራቅ፥ የአፍንጫ ንፍጥና የጨጓራ ኮምጣጣ ውሃም እያንዳንዳቸው በየበሩ የቆሙ ዘበኞች ናቸው።

ቅጥሩ የተጣሰ እንደ ሆነ ምን ይሆናል? በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን በባዶ እግራችን ስንሮጥ እሾህ ይወጋን ነበር። በማግሥቱ የተወጋው ስፍራ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይሞቃል፥ ጥቂት ቀንም ሲቈይ መግል ይቋጥራል። መግሉ ቆሻሻ ብቻ ይመስለን ነበር እንጂ፥ አብዛኛው እኛን ለማዳን ሲዋጉ የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ሬሳ መሆኑን ያወቅነው ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ይህን ነገር አስቀድሞ ያስተዋለው መችኒኮፍ የሚባል የሩስያ ሊቅ ነው። በ1875 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሜሲና ከተማ ሳለ፥ ገላው እንደ መስተዋት በሚያሳይ በአንድ የባሕር እንስሳ ጫጩት ውስጥ የጽጌ ረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበው ሊበሉት ሲታገሉ አገኛቸው። በዚህም ሥራው በ1901 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ከጀርመናዊው ከኤርሊክ ጋራ ተካፍሏል።

ትኩሳትም እንደዚሁ ነው። በሽታው ራሱ የሚያነድደው እሳት ይመስለናል እንጂ፥ እሳቱን የሚያነድደው የገዛ ሰውነታችን ነው። ነጭ ሕዋሳት ጠላት ባገኙ ጊዜ በደም በኩል ወደ አንጎል መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም የገላውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ብዙዎች ተሐዋስያን በሙቀት መራባት ይቸገራሉ፤ ነጭ ሕዋሳት ግን በሙቀት ይፈጥናሉ። ስለዚህ ክትባት የወሰደ ሕፃን አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያተኵስ፥ ሰውነቱ የቀረበለትን ነገር ተቀብሎ እየመረመረ ነው ማለት ነው። ትኩሳቱ እጅግ ቢበረታ ወይም ሕፃኑ ጡት አልጠባም ቢል ግን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ጥፋት ይሆንብናል።

ከእነዚህ ፈጥኖ ደራሾች በኋላ ሌላ ሠራዊት አለ። ሥራው የዘገየ፥ ዕውቀቱ ግን የጠለቀ ነው። በብብት፥ በአንገትና በጉያ የሚያብጠውን ንፍፊት የማያውቅ የለም። በዚያ ስፍራ እጅግ ብዙ ነጭ ሕዋሳት ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱም የሚያውቀው አንድ ዓይነት መልክ ብቻ ነው። ከቍስሉ የመጡ መልእክተኞች የጠላቱን ቍራጭ ይዘው ሲደርሱ፥ ያንን መልክ የሚያውቀው ሕዋስ እስኪገኝ ድረስ እየዞሩ ያሳያሉ። የተገኘ እንደ ሆነ ያ አንድ ሕዋስ ይባዛል፥ ብዙ ሺህም ይሆናል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን ነገር ሠርተው በደም ውስጥ ይበትናሉ፤ ይህም በተሐዋሲው ላይ ተለጥፎ ያስረዋል። ሌሎቹ በበሽታ የተያዘውን የገላችንን ሕዋስ ራሱን ፈልገው ይገድላሉ። ይህ ሁሉ ሲፈጸም አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ያልፋል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚህ መካከል ነው።

ድሉ ከተገኘ በኋላ አብዛኛው ሠራዊት ይበተናል። ጥቂቶቹ ግን የጠላቱን መልክ ይዘው ዘመናቸውን ሁሉ ይቀመጣሉ። በእኛ ሥራ አነጋገር፥ ነገሩ ተመርምሮ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ነገር ግን ተቃጥሎ አልጠፋም፥ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል። ያው ጠላት ተመልሶ ቢመጣ አዲስ ምርመራ አያስፈልግም፤ ፍርዱ በጥቂት ቀን ይፈጸማል። የዚህ መዝገብ ዕድሜ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ፋሮ በሚባሉ በሰሜን አትላንቲክ ደሴቶች በ1773 ዓ.ም. ኩፍኝ ገብቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ 65 ዓመት አልተመለሰም። በ1838 ዓ.ም. በተመለሰ ጊዜ ከ7,800 ያህል ሕዝብ ከ6,000 የሚበልጠው ታመመ። ፓኑም የሚባል የዴንማርክ ወጣት ሐኪም ተልኮ ቢመረምር፥ በልጅነታቸው ታመው ከነበሩት ሽማግሌዎች አንድ ስንኳ ሁለተኛ የታመመ አላገኘም።

አባቶቻችን የመጻሕፍቱን ምክንያት ባያውቁም ነገሩን በልምድ ያውቁት ነበር። ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ቀሎለት ከታመመ ሰው መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥቂቱ ሰንጥቀው ያስገቡበት ነበር። ይህ ልማድ በደጋው አገራችን እስከ 1960ዎቹ ድረስ ቈይቷል። ግዕዝ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም ክትባትም ከዚሁ ግንድ የወጡ ናቸው። ሰውነት በእውነት መጻፉን ሳያውቁ ቃሉን ያገኙት ይመስለናል። ይሁን እንጂ የቀድሞው አከታተብ አደጋ ነበረው፤ የሚገባው ሕያው ፈንጣጣ ስለ ሆነ ከተከተቡት አንዳንዶች ይሞቱ ነበር፥ በሽታውም ከእነርሱ ወደ ጎረቤት ይሻገር ነበር።

ነገሩን ያቀለለው ጄነር የሚባል የእንግሊዝ የገጠር ሐኪም ነው። ላም የሚያልቡ ሴቶች ከላሟ ጡት ቀላል ፈንጣጣ ተይዘው፥ ሰውን የሚገድለው ፈንጣጣ ግን እንደማይነካቸው ይነገር ነበር። በ1788 ዓ.ም. ከአንዲት አላቢ እጅ መግል ወስዶ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ፤ ኋላም በእውነተኛው ፈንጣጣ ቢፈትነው ልጁ አልታመመም። ሁለቱ ተሐዋስያን ዘመዳሞች ስለ ሆኑ የአንዱ መዝገብ ለሌላው ምስክር ሆነ። ፈረንጆች ክትባትን ቫክሲን የሚሉት በላቲን ቋንቋ ከላም ስም ወስደው ነው።

በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በዚያው በፈረንጅ 1971 ዓመት ከ26,000 የሚበልጥ በሽተኛ ተመዘገበ። ከታቢዎቹ መኪና በማይደርስበት ገደል በእግርና በበቅሎ ሄዱ፥ በኋላም በሄሊኮፕተር ተረዱ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በባሌ ዲሞ በምትባል መንደር ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ተገኘ። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለሙ የመጨረሻ በሽተኛም በጥቅምት ወር 1970 ዓ.ም. በሶማልያ መርካ ከተማ ታይቶ ዳነ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በዚያው ዓመት በአገራችን ለሕፃናት ሁሉ የሚሆነው የክትባት ሥራ ተጀመረ፤ በደጀን ያየነው ሰልፍም የዚያ ተከታይ ነው።

ነገር ግን ደዌ ሁሉ እንደ ፈንጣጣ ቅን አይደለም። ከደጀን ከተማ ወጣ ብሎ ቍልቍል የተመለከተ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የዐባይን ቆላ ያያል። የደጋ ሰው በዚያ ማደርን አጥብቆ ይፈራ ነበር። ሽማግሌዎች የቆላው አየር ነው ይሉ ነበር፤ ኢጣልያኖችም ማላሪያ ሲሉ ክፉ አየር ማለታቸው ነው። የሚነድፈው ግን አየሩ ሳይሆን በሌሊት የምትወጣው ትንኝ ስለ ሆነች፥ ከማደር የተጠበቀ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ይድን ነበር። የወባ ተሐዋሲ በጉበትና በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ጠንቀኛው ዓይነትም 60 ያህል የተለያየ ልብስ አለው። ሰውነት አንዱን ልብስ አውቆ ሲከስሰው ሌላውን ለብሶ ይቀርባል። ስለዚህ ወባ በማይለይበት ቆላ የተወለደ ሕፃን ደጋግሞ ታሞ በሕይወት ከተረፈ፥ ቀስ በቀስ ብዙውን ልብስ ያውቅና ሲያድግ በሽታው ይቀልለታል፤ ብዙ ዓመት ከቆላ ከራቀ ደግሞ ያው ዕውቀት ይደክማል። ደገኛው ግን አንዱንም ልብስ አያውቅም። በ1950 ክረምት ዝናሙና ሙቀቱ ከልክ አልፎ ወባ ወደ ከፍታው በወጣ ጊዜ፥ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን 3 ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና 150,000 እንደ ሞተ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የወባ ክትባት የፈቀደው ገና በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ከፊሉን እንጂ ሁሉን አይከለክልም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ግን የኩፍኝ ነገር ነው፤ የወጣቲቱ ልጅ ሊከተብ የመጣው ስለ ኩፍኝ ነበርና። ኩፍኝ የሚያጠቃው መዝገብ ጠባቂዎቹን ሕዋሳት ራሳቸውን ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በወጣ ምርመራ፥ በሆላንድ አገር ሳይከተቡ ኩፍኝ የታመሙ 77 ልጆች ደማቸው ከመታመማቸው በፊትና በኋላ ተመረመረ። ከዚያ በፊት በሌሎች በሽታዎች ላይ ያከማቹት ፀረ እንግዳ አካል ከመቶ 11 እስከ 73 እጅ ጠፍቶ ተገኘ። ከኩፍኝ የዳነ ልጅ በወሩ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሲሞት፥ እናቲቱ ሌላ ደዌ መጣብኝ ትላለች፤ መዝገብ ቤቱ መቃጠሉን የሚነግራት የለም። ክትባቱ ግን የደከመ ተሐዋሲ ስለ ሆነ የኩፍኙን መልክ ብቻ ጽፎ ሌላውን አይነካም።

ታዲያ ለምን እስከ ዘጠኝ ወር ይዘገያል? ነገሩ ወደ እናቲቱ ይመልሰናል። በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት የእናት ፀረ እንግዳ አካል በእትብት በኩል ወደ ሕፃኑ ይሻገራል፥ ብዙ ወራትም ይጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ ክትባቱ ቢሰጥ የእናቲቱ ዘበኛ ክትባቱን ራሱን ይገድለዋል፥ ሕፃኑም ሳይጽፍ ይቀራል። ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ወፍራምና ቢጫ እንገር ደግሞ በዚህ ዘበኛ የተሞላ ሆኖ የሕፃኑን አንጀት ይሸፍናል። በብዙ ቤት፥ በመኳንንቱም ቤት ጭምር፥ እንገሩን ቆሻሻ ነው ብሎ እያለቡ መድፋትና ለተወለደው ቅቤ ማስላስ የቆየ ልማድ ነው። ለጥጃው እንገር የሚያስጠባ ሰው ለልጁ መከልከሉ ሁልጊዜ ይገርመናል።

ከቀትር በኋላ ሰልፉ አጠረ። ወጣቲቱ ከነርሷ ጋራ ጥቂት ተነጋገረች፤ ነርሷም ከተከተበ በኋላ ቢያተኵስ ምን እንደምታደርግና መቼ መመለስ እንዳለባት በዝግታ አስረዳቻት። ልጁ ተወጋ፥ ጮኸም፤ እማሆይ ተቀብለው አዘሉት። ነርሷ በካርዱ ላይ ቀኑን ጽፋ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ልጁ 15 ወር ሲሞላው እንዲመጡ ቀጠሮ ሰጠቻቸው። በዚህ መካከል ባለጉዳዮቻችን ደረሱና እኛም መዝገባችንን ይዘን ተነሣን።