የድምፅ መሣሪያን ለዛ የሚወስነው ቺፑ ነውን?



ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ሄዶ የሙዚቃ ማጫወቻ የሚገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ከዋጋው ይልቅ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የቺፕ ስም ግራ ሊያጋባው ይችላል። ሻጩም «ይህ ቺፕ ያለበት ድምፁ ለዛ አለው፤ ያኛው ግን ይሻክራል» ይለው ይሆናል። በዚህ ቃል ብቻ የወር ደመወዝን ማውጣት ይገባ እንደሆነ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

በዲጂታል መንገድ የተቀዳ ዘፈን የቁጥሮች ሰልፍ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1982 ለገበያ በቀረበው ሲዲ ላይ ድምፁ በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። ቁጥሮቹን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው እንግዲህ ይኸው ቺፕ ነው። ከዚያ በኋላ አምፕሊፋየሩ ሞገዱን ያጎለብተዋል፤ ስፒከሩም አየሩን አንቀጥቅጦ ለጆሮ ያደርሰዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቺፕ ልዩነት ቀላል ነገር አልነበረም። የፊሊፕስ የመጀመሪያው የሲዲ ማጫወቻ በ16 ቢት ፈንታ በ14 ቢት ቺፕ ይሠራ ስለ ነበረ፥ መሐንዲሶቹ ጉድለቱን በሌላ ዘዴ ማካካስ ግድ ሆኖባቸዋል። ዛሬ ግን በአግባቡ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ቺፑ የሚጨምረው ሽውታ ብዙውን ጊዜ ጆሮ ከሚለየው በታች ነው። አምባሰልና ባቲ የተባሉትን፥ ስማቸውን ከወሎ ያገኙትን ቅኝቶች፥ ከአሮጌ ሸክላ በተገለበጠ ቅጂ ስታደምጡ የመርፌው ጭርጭርታ ከቺፑ ሽውታ እጅግ የበለጠ ነው።

ታዲያ ሁለት ማጫወቻዎች ተለይተው ቢሰሙ ምክንያቱ ምንድን ነው? የማሲንቆ ድምፅ በፈረስ ጭራው ብቻ አይመዘንም፤ ቆዳውም፥ እንጨቱም፥ የአዝማሪውም እጅ አለበት። እንዲሁም ከቺፑ ቀጥሎ ያለው አምፕሊፋየር፥ የኤሌክትሪክ ምንጩና መሐንዲሱ የመረጠው ማጣሪያ ድምፁን ሊለውጡት ይችላሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚለውጠው ስፒከሩ ነው። ይህን ግን ሻጮች እምብዛም አይነግሩንም!

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በኦክቶበር 2020 በጃፓን አገር፥ በኖቤኦካ ከተማ፥ የአሳሂ ካሴይ የቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለ። በዚህም ምክንያት አያሌ መሣሪያ ሠሪዎች ወደ ሌላ ድርጅት ቺፕ ተሻገሩ። አሮጌውንና አዲሱን ሞዴል አነጻጽሮ በቺፑ ላይ መፍረድ ግን ያሳስታል፤ ቺፕ ሲለወጥ በዙሪያው ያለው ሥራ አብሮ ይለወጣልና።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሰማው ድምፅ ለጆሮ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱን ማጫወቻዎች ከአንድ ስፒከር ጋር አገናኙና የድምፃቸውን ከፍታ እኩል አድርጉ፤ ከዚያም ወዳጃችሁ ሳታዩት እያቀያየረ 10 ጊዜ ያሰማችሁ። በግምት ብቻ 9 ወይም 10 ጊዜ መለየት ከመቶ አንድ ጊዜ ያህል የሚደርስ ዕድል ነው። 5 ወይም 6 ጊዜ ብቻ ከለያችሁ ግን ለቺፑ ስም ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር አውሉት።