ለአንድ ግቢ ሁለት ራውተር

ኬንያ ሞያሌ ያላችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች ሰሞኑን የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ዋይፋዩ ሳሎን ውስጥ ጥሩ ነው፣ ሰርቪስ ቤት ጋ አይደርስም። ሁለተኛ ራውተር ብጨምር ይሠራል?» ይሠራል። ዝም ብሎ መሰካት ግን አይበቃም፤ ሁለተኛው ከገባ በኋላ ኢንተርኔቱ የባሰበት ቤት ብዙ ነው።

ችግሩ ከቤቱ ይጀምራል። ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከኋላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩና መስኮቱ ብረት። ብረት የዋይፋይን ሞገድ ይመልሰዋል እንጂ አያሳልፈውም። አንቴናው የበዛ ውድ ራውተር ገዝቶ ሳሎን ማስቀመጥም ብዙ አይረዳም፤ ራውተሩ ጮኾ ቢናገር እንኳ የስልካችሁ ድምፅ ቀጭን ነው፣ መልሱ ከጓሮ አይሰማም።

ስለዚህ ከዋናው ራውተር ሰርቪሱ ድረስ ገመድ ዘርጉና ሁለተኛውን እዚያ ስቀሉ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ስለሚያስኬድ ለማንኛውም ግቢ ይበቃል። ግቢውን የሚያቋርጠውን ክፍል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፤ የሞያሌ ፀሐይ ተራ ገመድን ቶሎ ያደርቀዋል። ያለ ገመድ የሚሠራው ሪፒተር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እኔ አልመክረውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ወደ ዋይፋይ የሚገባ ስልክ ሁሉ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የሚያድለው ራውተሩ ነው፣ ሥራው ዲኤችሲፒ ይባላል። በአንድ ኔትወርክ አዳዩ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው ነው። ሁለቱን እንዲሁ ስታገናኟቸው ሁለቱም «አለቃው እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ግማሹ ስልክ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ ግማሹ «ተገናኝቷል» እያለ ባዶውን ይቀራል።

ሁለተኛውን ብቻውን አብሩና ሴቲንጉ ውስጥ ግቡ። በቅድሚያ አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉት (የመጀመሪያው ይህን ቁጥር ለስልኮች እንዳያድል አረጋግጡ)፣ ዋይፋዩን ስሙንም ፓስወርዱንም ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጉት፣ ዲኤችሲፒውን በመጨረሻ አጥፉ። ቀድማችሁ ካጠፋችሁት ስልካችሁ አድራሻ ስለማያገኝ ተመልሶ መግባት ያስቸግራችኋል። ገመዱን ከአንዱ ላን ፖርት ወደ ሌላው ላን ፖርት ሰኩ፣ ዋን የሚለውን ተዉት። «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ ያለው ከሆነ የአድራሻውንና የዲኤችሲፒውን ሥራ በአንድ ጊዜ ይጨርስላችኋል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሉን አንዱን 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ፤ እነዚህ ሦስቱ አይደራረቡም።

ሰርቪሱን ያከራያችሁስ? ሁለተኛውን በዋን ፖርት ሰክቶ፣ 192.168.2.1 ብሎ የራሱን አድራሻ እንዲያድል መተው ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ከሁለተኛው ጀርባ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ኔትወርክ ዕቃዎች መድረስ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ያለ ግን ወደ ሁለተኛው ዘልቆ መግባት አይችልም። ተከራዮቹን ሁለተኛው ላይ ካስቀመጣችሁ የእናንተ ካሜራና ፕሪንተር ለእነሱ ክፍት ነው ማለት ነው። ከኋላ የሚሆነው ባለቤቱ ነው። ይህ ካስቸገራችሁ በዋናው ራውተር ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ክፈቱላቸው።

በሲም የሚሠራ ራውተር ያላችሁ ደግሞ ድንበር ላይ መሆናችንን አትርሱ። የሁለቱም አገር ማማ እዚህ ይሰማል። ራውተሩ በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ከማዶ ያለውን ሊይዝና በሮሚንግ ሒሳባችሁን ሊበላ ይችላል። ሮሚንጉን ዝጉ፣ ኔትወርኩን በእጅ ምረጡ። ዝርዝሩ ቁጥር ብቻ ካሳያችሁ፣ በ639 የሚጀምረው ኬንያ፣ በ636 የሚጀምረው ኢትዮጵያ ነው። ሳፋሪኮም ከ2022 ጀምሮ በኢትዮጵያም ስለሚሠራ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትምረጡ፤ የናይሮቢው ሲም ለአዲስ አበባው ኔትወርክ እንግዳ ነው።

መብራት ሲጠፋም ሁለቱም ራውተሮች ባትሪ ይፈልጋሉ፤ የሳሎኑ ብቻ ቢበራ ሰርቪሱ ጨለማ ነው። ትንሿን ዩፒኤስ ከመግዛታችሁ በፊት የአዳፕተሩን ቮልት አንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ናቸው፣ 9 የሚሉም አሉ።

የምትጠይቁኝ ካለ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። ፓስወርዱን ግን በጣታችሁ ሸፍኑት።