ሳይቆም የሚያከስር ማሽን

የሆቴል ባለቤት ስለ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሲጠየቅ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ማሽኑ የቆመበት ቀን ነው። አንሶላው ተከምሮ፣ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ክፍል እየጠበቀ፣ ቴክኒሻኑ ስልክ አላነሳ ያለበት ቀን አይረሳም። ከዚያ ቀን በፊት ማሽኑ እየሠራ፣ ነገር ግን እየታመመ የከረመባቸውን ወራት ግን የሚያስታውስ የለም። ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው በእነዚያ ወራት ነው።

ነገሩን በስሌት እንየው። አንድ ማሽን በአንድ ዙር 50 ኪሎ ደረቅ አንሶላና ፎጣ ያጥባል እንበል። ጤነኛ ከሆነ በመጨረሻ በኃይል ሲሽከረከር ውሃውን ይጨምቅና ጨርቁ ውስጥ 25 ሊትር ያህል ይተዋል። ቺንጋው ከላላ፣ ወይም ማሽኑን ከወለሉ ጋር ያሰረው ቡሎን ለቆ ንዝረቱ ፍጥነቱን ካስቀነሰው፣ የሚቀረው ውሃ 35 ሊትር ይሆናል ብለን እንያዝ። ትርፉን 10 ሊትር የሚያወጣው ማድረቂያው ነው። የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት እስኪሆን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ዙር 6.3፣ በቀን ስምንት ዙር ለሚሠራ ክፍል 50፣ በወር ደግሞ 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይባክናል። በጭስ ማውጫው የሚያመልጠው ሙቀት ሲታከል ፍጆታው ከዚህም ይበልጣል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ የዚህ ብክነት ዋጋ ከዓመት ዓመት ያድጋል። ሆኖም በወር መጨረሻ ሒሳቡ ሲታይ ጥፋቱ የሚወድቀው በመብራት ኃይል ላይ እንጂ በቺንጋው ላይ አይደለም።

የውሃው ጉዳይም እንዲሁ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባሉ የኖራ ድንጋይ ባለባቸው አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃው ከባድ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በማሽኑ ማሞቂያና በቦይለሩ ቱቦዎች ላይም ይጋገራል፤ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያስቀረዋል። ሳሙናውም ቆሻሻውን ትቶ በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ስለሚያያዝ የሚጨመረው መጠን ይበዛል። መፍትሔው ውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ነው። መሣሪያውም ቢሆን ጨው በጊዜው ካልተጨመረለት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጨው ደግሞ ከአፋር ይመጣል፤ በዶላር አይገዛም።

ዶላርን ካነሳን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀደም ሲል በ20 ሺህ ዶላር የተገዛ ማሽን፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይቆጠር፣ በመዝገብ ላይ 1.14 ሚሊዮን ብር ነው። ዛሬ ለመተካት በ110 ብር ሒሳብ እንኳ 2.2 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። አሥር ዓመት ያገለግላል ከተባለ መዝገቡ በዓመት 114 ሺህ ብር የእርጅና ተቀናሽ ይይዛል፤ ማሽኑን በእውነት ለመተካት መቀመጥ ያለበት ግን 220 ሺህ ብር ነው። ልዩነቱ በትርፍ ስም ይወጣና ይበላል።

አሁን በጥሩ ጥገና የማሽኑን ዕድሜ ከአሥር ወደ 14 ዓመት አራዝሙት። የመተኪያው ዓመታዊ ሸክም ከ220 ሺህ ወደ 157 ሺህ ብር ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ለግራሶ፣ ለቺንጋና ለቴክኒሻን በዓመት እስከ 63 ሺህ ብር ተጨማሪ ቢያወጣ፣ ዕድሜ በማራዘም ብቻ አይከስርም። ከመብራትና ከሳሙና የሚተርፈው ምርቃት ነው። ምንዛሪው ሲወደድ የጥገናም ዋጋ አብሮ ይከብራል፤ ያለውን ማሽን ማቆየት ባንክ ሳይሰለፉ የሚያገኙት የውጭ ምንዛሪ ነው።

ይህ ሁሉ ካዋጣ ለምን አይደረግም? አንዱ ምክንያት መካኒካዊ ነው። ከበሮውን ተሸክሞ የሚያሽከረክረውን ኩሽኔታ ከውሃ የሚከላከለው አንድ ጎማ ነው። ጎማው ርካሽ ቢሆንም እሱን ለመቀየር በብዙ ማሽኖች ላይ ከበሮው መውረድ አለበት። ስለዚህ ጥቂት ጠብታ ሲታይ «ይቆይ» ይባላል። ሳሙና ያዘለው ውሃ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ኩሽኔታው ይዝጋል፤ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ዘንጉን ይበላል። ያኔ በጎማ ዋጋ የነበረው ጥገና የአዲስ ማሽን ጥያቄ ሆኖ ቦርድ ፊት ይቀርባል። ሁለተኛው ምክንያት የአስተዳደር ነው። ለጥገና ገንዘብ የጠየቀ ኃላፊ ወጪ አብዝቷል ተብሎ ይወቀሳል፤ ሳይሰበር ለቀረ ማሽን ግን ማንም አያመሰግነውም።

ማድረቂያው ላይ ቸልተኝነቱ ከኪሳራም ያልፋል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት በመኖሪያ ቤት ማድረቂያዎች በዓመት ወደ 2,900 ቃጠሎ መነሳቱን፣ ከመንስኤዎቹም ቀዳሚው አለማጽዳት መሆኑን አስፍሯል። የጨርቅ ብናኝ ጥሩ ማቀጣጠያ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለዚህ ማሽን ምሳሌ ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነው፤ ማጣሪያው በየቀኑ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ በየጊዜው ይጠረግ።

እርግጥ አንድ ማሽን ብቻ ያለው የሰፈር ላውንደሪ ቋሚ ቴክኒሻን መቅጠር አይችልም፤ ሁሉንም መለዋወጫ ማከማቸትም ገንዘብ ማሰር ነው። ሦስት አራት ጎረቤት ድርጅቶች አንድ ባለሙያ በወር ክፍያ ሊጋሩ ይችላሉ። ከመለዋወጫም ቢሆን ዋጋቸው አነስተኛ ሆኖ ሲጠፉ ሥራውን በሙሉ የሚያቆሙትን፣ ማለትም ቺንጋ፣ የበር ጎማና የውሃ ማስወጫ ቫልቭ መያዝ ይበቃል።

ቴክኒሻን እስኪገኝ ግን ማንም ሊያደርገው የሚችል ምርመራ አለ። በወር አንዴ 50 ኪሎ ደረቅ አንሶላ መዝኖ ማጠብ፣ ከማሽኑ ሲወጣም እርጥቡን መልሶ ሚዛን ላይ ማስቀመጥና በደብተር መጻፍ። ዘንድሮ 75 ኪሎ የነበረው ከጥቂት ወራት በኋላ 85 ካለ፣ ማሽኑ አልቆመም፤ ባለቤቱ ግን መክፈል ጀምሯል።