ሁለት ሲኒ ቡና፣ አንድ ፌስታል መድኃኒት



በዚህ ወር ስለ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ላጫውታችሁ ነው። ስማቸው ይቆይና ሐጂ እና እማማ እንበላቸው። በየወሩ መጨረሻ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ይመጣሉ፤ ሁልጊዜም አብረው ነው። ሐጂ ከዘራቸውን፣ እማማ ደግሞ የሁለቱም መድኃኒት የገባበትን ፌስታል ይዘው። ሐጂ ደም ግፊት አለባቸው፤ እማማ ስኳር። ከተጋቡ 50 ዓመት ሊሞላቸው ነው።

የሐጂ ዓይን ስለደከመ ክኒኑን በመልኩ ለይተው የሚሰጧቸው እማማ ናቸው። ሰዓቱን የሚያስታውሱት ግን ሐጂ ናቸው፤ የጠዋቱ ከፈጅር በኋላ ከቁርስ ጋር፣ የማታው ከመግሪብ በኋላ ከራት ጋር። በሀገራችን የፈጅርና የመግሪብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። እናንተም ወላጆቻችሁ ቤት ሞክሩት።

ወጋቸውን ብትሰሙ ደስ ይላችኋል። በየቀኑ ቡና አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እንደ ወሎ ልማድ ጨው ጣል ይደረግበታል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሐሙስ ማታ እማማ የሐጂን ነጭ ጀለቢያ ይተኩሳሉ። ጁምዓ ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ በኪሳቸው ቴምር አይጠፋም። በዒድ ዋዜማ ደግሞ እማማ የሐጂን ጺም ሒና ይቀቡላቸዋል፤ ሐጂም ‹‹ዘንድሮም ሙሽራ አደረግሽኝ›› ይላሉ። ሌላ ድግስ የላቸውም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጁምዓ ጠዋት ሐጂን ድካም ድካም አላቸው። እማማ የራሳቸውን የስኳር ክኒን አወጡና ‹‹እኔን ያቆመኝ አንቱንም ያቁምዎ›› ብለው ሰጧቸው። ክኒኑ ግሊቤንክላማይድ ነበር። ሐጂ ቁርስ እንኳ በቅጡ ሳይበሉ ወደ መስጊድ ሄዱ። ግቢው ውስጥ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ንግግራቸው ተምታታ። አንዱ ‹‹ወባ ነው›› አለ፤ ሌላው ‹‹ዓይን ነው፣ ይቀራባቸው››። ደግነቱ እዚያው የነበሩ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ነገሩን ከራሳቸው ያውቁት ነበርና ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጧቸው። ሐጂ ነቁ። ሁሉም ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ብሎ ወደ ቤት ሸኛቸው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚሠራ መድኃኒት በመሆኑ፣ በተለይ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ፣ ከፍ ያለው ስኳር ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ሐጂም ማታ እንደገና ወደቁ፤ ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶላቸው አደሩ። አላህ (ሱ.ወ) አተረፋቸው።

ስለዚህ ይህን አስታውሱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወይም በስህተት የወሰደ ሰው ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም ግራ መጋባት ከታየበት 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ክኒን የዋጠ ሰው ደግሞ ቢሻለውም ሐኪም ይየው። አዛውንቶች ላይ ምልክቱ አንዳንዴ እንቅልፍ ወይም መዘባረቅ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ‹‹እርጅና ነው›› ተብሎ ይታለፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ እንዳልሆነ አስፍሯል። እናትና አባታችሁ የሚወስዱት እሱን ከሆነ በራሳችሁ አታስቁሟቸው፤ ሐኪማቸውን ግን ጠይቁ። የእማማም መድኃኒት በዚያው ሰሞን ተቀየረ። ረመዳን ሲቃረብማ ጥያቄው ቀደም ብሎ፣ በሻዕባን ውስጥ ቢነሳ ይመረጣል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው ፆሙን በሌላ ቀን እንዲተካ፣ ለማይችለውም ምስኪን እንዲያበላ ፈቅዷል። መፆም ያለመፆሙን ከሐኪምም ከዓሊምም ጋር ተነጋገሩበት።

ወደ አዛውንቶቻችን ልመለስ። ልጆቻቸው ደነገጡ። መድኃኒቱ ተቆለፈበት። ሴት ልጃቸው መጥታ ‹‹ቡናስ? ቴምርስ?›› ስትለኝ እኔም በችኮላ ‹‹ሁሉም ይቅርባቸው›› አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በማንም ላይ አላሳብብም። ከሁለት ወር በኋላ ሐጂ ሲመጡ ከስተዋል። ግፊታቸው ከበፊቱ ብሷል። ‹‹መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?›› ብላቸው ‹‹ለየትኛው ቡና ብዬ ልጄ›› አሉኝ። አቁመውት ነበር።

ያን ዕለት ከእሳቸው፣ ከእማማና ከልጃቸው ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ አየነው። ቡና በልኩ ለአብዛኛው የግፊት ሕመምተኛ ክልክል አይደለም፤ ግፊት ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ግን አይጠጣ። ጠላቱ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ሲሆን የወጡም፣ የዳቦውም፣ የቡናውም ተደምሮ ነው። እማማ ጨውን በጤና አዳም ተኩ። ሐጂ ለአንድ ሳምንት አኮረፉ፤ ከዚያ ለመዱት።

ቴምሩንም ቆጠርን። አንድ ትንሽ ቴምር ውስጥ ወደ 5 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ትንሽ በለጥ ይላል ማለት ነው። እንግዲህ እማማ ጁምዓ ቴምር ከበሉ የዚያን ቀን ሻያቸው ያለ ስኳር ነው፤ ቴምሩም ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይደለም። ከራት በኋላ ደግሞ እስከ ዒሻእ በግቢያቸው ዞር ዞር ይላሉ። ከምግብ በኋላ መንቀሳቀስ ስኳርን እንደሚያወርድ ነግሬያቸው ነበር፤ ሐጂ ግን ‹‹እሷን ለማጀብ ነው›› ይላሉ። ክኒኑም ተለየ፤ የሐጂ በነጭ ጨርቅ ከረጢት፣ የእማማ በአረንጓዴ። አንዱ የሌላውን ከረጢት አይነካም።

ሒናንም ሳልጠቅስ አልለፍ። ንጹሕ ሒና ቀለሙ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ‹‹ጥቁር ሒና›› ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፓራ-ፌኒሌንዳያሚን የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ሲሆን ቆዳን ሊያቃጥልና ሊያሳብጥ ይችላል። ቁስሉ ቶሎ ለማይድንለት የስኳር ሕመምተኛ እጅ ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው ወር ሲመጡ እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ‹‹ልጄ፣ ጉርሻስ ይቆጠራል?›› አሉኝ። ሐጂ ራት ላይ ከራሳቸው ድርሻ እያጎረሷቸው አስቸግረዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ባል በሚስቱ አፍ የሚያኖራት ጉርሻ እንኳ ምንዳ እንዳላት የነገሩትን ሐዲስ ሐጂ ከኢማሙ ሰምተው ነው አሉ። ‹‹ይቆጠራል እማማ፣ ከእርስዎ እንጀራ ላይ ይቀነሳል›› አልኳቸው። ሐጂ ከወዲያ ሆነው ሰምተዋል። ‹‹ትንሽ ትንሽ አደርገዋለሁ፣ ግን አልተውም›› አሉና ነጩን ከረጢት አንስተው ወጡ።